ሕፃናትን በሰማይ ነገር ንባብና ቃል ስለ ማስተማር

ንባብ ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው ፊደሉን አይቶ ድምፁን ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው የወጣውን ድምፅ ሰምቶ ነገሩን በልብ ማየት ነው። የፊተኛውን ችሎ የኋለኛውን ያልያዘ ሕፃን ፊደል ቈጠረ ይባላል እንጂ አነበበ አይባልም። ይህን የምንጽፈው በመቂ ከተማና በዙሪያዋ የሚማሩትን ሕፃናት በዐሳባችን ይዘን ነው፤ ምሳሌውን ከዚያ ብንወስድም ነገሩ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ላሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፥ አልፎም ላገሩ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ለትምህርት ሹማምንትና ለካህናት መምህራን የምናቀርበው ዐሳብ ይህ ነው፤ ሕፃናት ንባብ በሚጀምሩበት ጊዜ ከሚሰጧቸው ቃላትና አጫጭር ታሪኮች መካከል የሰማይ ነገር፥ ይኸውም የፀሐይና የጨረቃ፥ የከዋክብትና ሰው ወደ ጠፈር ያደረገው ጉዞ ነገር፥ የታወቀ ስፍራ ይሰጠው።

መቂ ከሞጆ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ገበሬዋም በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም እያበቀለ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይልካል። በዚህ ስፍራ አብዛኛው ሕፃን ንባብን የሚጀምረው በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ፊደል ነው፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል፤ እንግሊዝኛም ይከተላል። እንግዲህ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ሳይጨርስ ሦስት ቋንቋና ሁለት ዐይነት ፊደል ይጠብቁታል ማለት ነው። ከዚሁ ጋራ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦይ የሚጠብቅበት ወይም ከብት የሚመልስበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ሸክሙ ከባድ መሆኑን የሚያስረዳ ቍጥር አለ። በ2002 ዓ.ም. በብዙ ክልሎች 13 ሺህ ያህል የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሩበት ቋንቋ አጭር ታሪክ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር፤ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ቋንቋ አዳዲስ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፥ አስተማሪዎችም ሠልጥነዋል። ነገር ግን ያ ቍጥር የነገረን ቃሉን አይተው ሊጠሩት ስላልቻሉት ልጆች ነው። ቃሉን ደኅና አድርጎ ጠርቶ «ምን ማለት ነው?» ሲሉት አንገቱን የሚደፋው ልጅ በዚያ ቍጥር ውስጥ የለም።

የቀድሞ መምህራን ይህን አደጋ ያውቁት ነበር። ሕፃኑ ሀ ሁ ሂን በተርታ በቃሉ ይዞ ገበታውን ሳያይ እንደሚያነበንብ ስለተረዱ፥ ተርታው የተለዋወጠውን አቡጊዳን ቀጥለው አቆሙበት፤ በዚያ ላይ ዓይኑን ከፊደሉ የነቀለ ልጅ ወዲያው ይታወቅበታል። ድምፃቸው አንድ የሆነውንም ፊደላት በቃል ለዩለት፤ እሳቱ ሰ፥ ንጉሡ ሠ፥ ጸሎቱ ጸ፥ ፀሐዩ ፀ አሉት። ሕፃኑ ፀን የሚያውቃት በፀሐይ ነው። እንግዲህ የሰማይን ብርሃን ለፊደል ማስተማሪያ ማድረግ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም፥ ከየኔታ ገበታ የተገኘ ነው እንጂ። ይሁን እንጂ ከፊደል ቀጥሎ የሚነበበው መልእክተ ዮሐንስ በግዕዝ ስለሆነ፥ ሕፃኑ ንባቡን ይዞ ምሥጢሩን ሳያገኝ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ትርጓሜው በኋላ ከመጻሕፍት ቤት ይመጣለታል። እስከ መጨረሻው ለሚዘልቅ የአብነት ተማሪ ያ መንገድ መልካም ነው። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ ወደ ሽንኩርት እርሻ ለሚሄድ ልጅ ግን ቆይቶ የሚመጣው ትርጓሜ ሳይመጣ ይቀራል። ስለዚህ ለእርሱ ቃሉና ነገሩ በአንድ ቀን መገናኘት አለባቸው።

ሰማይ ለዚህ የሚመች ሆኖ ያገኘነው ስለዚህ ነው። የባቡር ሥዕል አይቶ ባቡር የሚለውን ቃል ያነበበ የገጠር ልጅ ባቡሩን እስኪያይ ብዙ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ጨረቃን ግን የባለጠጋውም የድኻውም ልጅ በአንድ ሌሊት ያያታል፤ ለማየትም ዋጋ አይከፈልባትም፤ የመቂም ሜዳ ሰፊ ስለሆነ ከሐይቁ ወገን ስትወጣ የሚጋርዳት ተራራ ቅርብ አይደለም። አስተማሪው ልጆቹን በየማታው አንድ መስመር ጽፋችሁ ኑ ቢላቸው፥ «ዛሬ ጨረቃ ቀጭን ናት»፥ «ዛሬ ጨረቃ ግማሽ ናት»፥ «ዛሬ ጨረቃ ዘግይታ ወጣች» እያሉ በ29 ወይም በ30 ሌሊት ውስጥ ራሳቸው የጻፉት፥ ራሳቸውም የሚያነቡት ትንሽ መጽሐፍ ይኖራቸዋል። ቀጭን፥ ግማሽ፥ ሙሉ፥ ዘግይታ የሚሉት ቃላት ተራ ቃላት ናቸው፤ በገጹ ላይ ሲያገኛቸው ግን ልጁ ትርጓሜያቸውን አስቀድሞ በዓይኑ አይቶታል።

ካህናት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማድረግ ይችላሉ። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ካህን የጨረቃን ዕድሜ በአበቅቴ ያውቃል፤ ንዑስ ቀመር 19 ዓመት፥ ማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመት፥ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት መሆኑንም ይናገራል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ለምን እንደሚለዋወጥ የማይጠይቅ ልጅ የለም። ያን ጥያቄ ጨረቃዋን እያሳየ የሚመልስ አባት የሥነ ፈለክ አስተማሪ መሆኑን ምናልባት ራሱም አላሰበው ይሆናል። መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ የብርሃናትን መውጫና መግቢያ በረቂቅ ይቈጥራል። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ደሴቶች፥ ይልቁንም ደብረ ጽዮን የምትባለው ቱሉ ጉዶ፥ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ጽላተ ጽዮን የተሸሸገባት እንደሆነች በትውፊት ይነገራል፤ የብራና መጻሕፍትም በዚያ ተጠብቀው ኖረዋል። ለመቂ ልጅ ንባብ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር አይደለም፤ ከሐይቁ ዳር ቆሞ የሚያያት ደሴት የመጻሕፍት ቤት ናት።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ረዘም አድርገን ልንናገር እንወዳለን፤ የነገሩ ፍሬ በዚህ ነውና። በመስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. መስኮቦች የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ በላኩ ጊዜ፥ በሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩሪ ጋጋሪን ምድርን በዞረ ጊዜ፥ በሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን በጨረቃ ላይ በወረዱ ጊዜ፥ ያማርኛ ጸሐፊዎች ወሬውን የሚናገሩበት ቃል ያስፈልጋቸው ነበር። ከውጭ የወሰዱት አለ፤ ሮኬት፥ ሳተላይት ያሉት ይህ ነው፤ እነዚህንም ሕዝቡ ስለተቀበላቸው አሁን እንንቀላቸው ማለት ከንቱ ድካም ነው። ከቤት የተገኙት ግን የበለጠ የሚያስተምሩ ናቸው። የጠፈር መርከብን መንኰራኵር አሉት። መንኰራኵር በግዕዝ የሠረገላ እግር፥ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ በትንቢተ ሕዝቅኤል መጀመሪያ ነቢዩ በኮቦር ወንዝ ዳር ካያቸው ነገሮች አንዱ ነው። ጠፈር በኦሪት ዘፍጥረት ውሃውን ከውሃ የሚለየው ነው፤ በቤትም ጠፈር ከራሳችን በላይ ያለው የጣራው ሥር ነው። በጎጆ ውስጥ ተኝቶ ወደ ላይ የሚመለከት ሕፃን ጠፈር የሚለውን ቃል ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል፤ ከዚያ በኋላ «ከዚህ ጠፈር በላይ ሌላ ጠፈር አለ» ቢሉት አይደናገርም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ምሕዋር የሚለውን ቃል እንወደዋለን። ሳተላይቱ፥ ጨረቃም ምድርም የሚሄዱበት መንገድ ነው። ሥሩ ሖረ፥ ማለት ሄደ ነው፤ ከዚሁ ሥር ሐዋርያ የሚለው ቃል ይወጣል። ሐዋርያ የሚሄድ ነው፥ ምሕዋር መሄጃው ነው። ይህን አንዱን ሥር ያወቀ ልጅ ሁለት ቃል አገኘ፤ ከዚያም በላይ ቃል ከቃል እንደሚወለድ ስላየ በሌላ ቀን ያላየው ቃል ሲገጥመው ሥሩን መፈለግ ይጀምራል። አስተማሪ ቃላትን በዝርዝር ጽፎ አጥኑ ከሚል እንዲህ ያለውን አንዱን ሥር በሳምንት ቢገልጥ ይሻላል። በዚህ ነገር ካህኑና የመንግሥት አስተማሪው መገናኘት ይገባቸዋል፤ አንደኛው ሥሩን ያውቃል፥ ሁለተኛው ነገሩን ያውቃል፤ በብዙ ስፍራ ግን ያንድ ቀበሌ ሰዎች ሆነው ሳለ ስለ ትምህርት ተነጋግረው አያውቁም።

የመቂ ሕፃን ቃል ግን በአማርኛና በግዕዝ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ብዙው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ፀሐይን አዱ፥ ኮከብን ኡርጂ፥ ጨረቃን ጂአ እያለ ነው። ጂአ ጨረቃም ወርም ነው። ግዕዝም እንዲሁ ጨረቃንና ወርን በአንድ ቃል ወርኅ ይላል፤ ያማርኛው ወር ከዚያ የመጣ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ወደ አንዲት ጨረቃ አይተው አንድ ዐሳብ እንዳሰቡ ልጁ በአንድ ቀን ትምህርት ቢረዳ፥ ቋንቋው ከሌላው ቋንቋ ጋራ ጠበኛ እንዳልሆነ ይገባዋል። የቦረና ኦሮሞ ዘመን ቈጣሪዎችም ጨረቃ ከታወቁ ከዋክብት ጋራ የምትገናኝበትን እየተመለከቱ 12 ወር ይቈጥራሉ፤ ለቀኖቹም 27 ስም አላቸው። ይህን ዕውቀት ሊቃውንት በመጽሐፍ ጽፈውታል፤ ከሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ ግን ገብቶ ብናየው ደስ ይለን ነበር።

ቋንቋውን መምረጥ ትንሽ ነገር አለመሆኑን ከመቂ ብዙ በማይርቅ ስፍራ የሆነ ነገር ያስረዳል። በ2004 ዓ.ም. አንድ ያሜሪካ ድርጅት ወንጪ ላይና ከአዳማ በስተምሥራቅ ባለችው በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በየመንደሩ 20 ያህል ታብሌት አደለ፤ መጫኛውን በፀሐይ ኃይል አደረገው፤ አስተማሪ ግን አልላከም። ልጆቹ መሣሪያውን ራሳቸው ከፍተው፥ ባጭር ጊዜ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ይዘው ተገኙ፤ አንዱም ልጅ ከእንስሳት ሥዕል ያገኘውን ቃል ራሱ ጻፈ ተብሎ በፈረንጅ ጋዜጦች ተነገረ። የጻፈውም ቃል «ላየን» የሚል ነበር። የልጁ ብልህነት የሚደነቅ ነው፤ እኛንም ያስደስተናል። ነገር ግን ያ ልጅ አንበሳን በእናቱ ቋንቋ በምን ቃል እንደሚጠራው፥ ያንንም ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጽፈው መሣሪያው አልጠየቀውም። የሰማይ ነገርም ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ብቻ ከተሰጠ እንደዚሁ ይሆናል፤ ልጁ ቃል ያገኛል፥ ቃሉን የሚነግረው ሰው ግን በቤቱ አያገኝም።

ከቤት የተወሰደ ቃል እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ አንድ ነገር በ2012 ዓ.ም. ሆኗል። የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ማኅበር አገሮች ሁሉ እያንዳንዳቸው ለአንዲት ኮከብና ለምትዞራት ፕላኔት ስም እንዲሰጡ ባደረገ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ ለደረሰቻት ኮከብ ቡና የሚል ስም ሰጠች፤ ለፕላኔቷም አቦል አለቻት። ታኅሣሥ 7 ቀን ስሙ ለዓለም ተገለጠ። ኮከቧ ከዚያ በፊት በቍጥር ብቻ ትታወቅ ነበር። በባዶ ዓይን አትታይም፤ ካለችበት ስፍራ ብርሃኗ ወደኛ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይወስድበታል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን ከኮከቧ የተነሣው ባገራችን ዘመነ መሳፍንት በነበረበት ጊዜ ነው። አቦልም ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚሏት አንድሮሜዳ በሰማይ ካርታ የራሷ ክፍል አላት፤ ቡና የተባለችውም ኮከብ የምትገኘው በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ይህ እንዲሁ የሆነ አጋጣሚ ይሁን ታስቦ የተደረገ እኛ ልንፈርድ አንችልም፤ ለልጅ ሲነግሩት ግን ደስ የሚል ነው።

ይህን ለምን አስረዘምነው ቢሉ፥ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ንባብ ከየት ይገኛል? ቡና የሚለውን ቃል የማያውቅ የመቂ ሕፃን የለም፤ ቃሉም ሁለት ፊደል ነው፥ ቡ እና ና። አቦል ሦስት ፊደል ነው። እናቱ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ስትል ይሰማል። ሁለቱን ቃላት ያነበበ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ «እማዬ፥ ቡና የምትባል ኮከብ አለች፤ አቦል ትዞራታለች» ቢል፥ እናቱ ካላመነችው ከመጽሐፉ አንብቦ ያሳያታል። የቡና አገር ከሆነችው ከካፋ፥ ከቦንጋ ተወልደው በአሜሪካ በጠፈር ሥራ ስላገለገሉት ስለ ዶክተር ቅጣው እጅጉም በሁለት በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ፥ ልጁ ሰማይን የሚመረምሩት ፈረንጆች ብቻ አለመሆናቸውን ይረዳል።

በሌላው ዓለም የጠፈር ጉዞና የሕፃናት ንባብ ከተገናኙ ቆይተዋል። ባርባራ ሞርጋን የምትባል አሜሪካዊት በሞንታና በሕንዶች አገር በሚገኝ ትምህርት ቤት በንባብና በሒሳብ ወደ ኋላ የቀሩትን ሕፃናት እያስተማረች ሥራዋን የጀመረች የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። የሥራ ባልደረባዋ ክሪስታ ማካውሊፍ በጥር 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር በተባለው መንኰራኵር ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋራ ከሞተች በኋላም ተስፋ ሳትቈርጥ ቆይታ በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ወጣች። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አልቪን ድሩ የተባለው ጠፈረኛ ወደ ጨረቃ ስለ ሄደ ውሻ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ይዞ ወጥቶ በዚያው ሆኖ አነበበው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር ከፍ ባለው ጣቢያ ሆነው ለሕፃናት መጻሕፍት ያነብባሉ፥ ድምፅና ምስላቸውም ለትምህርት ቤቶች ይሰጣል። እኛ እስካሁን ባማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማንም።

ባገራችንም ግን መነሻ የሚሆን ነገር አልጠፋም። ቡናና አቦል ስም በወጣላቸው በሦስተኛው ቀን፥ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና አገር ከታይዩዋን ተተኰሰች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብላ እርሻን፥ ውሃንና ደንን እንድትመለከት የተሠራች ነበረች፤ የታሰበላትም ዕድሜ ሁለት ዓመት ነበር። በዚያን ቀን ባገሩ የሚገኝ ጋዜጣ ሁሉ ስለርሷ ጻፈ። ሕፃናት ሊያነቡት በሚችሉት ቃል የተጻፈ አንድ ገጽ ግን ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለንም።

ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ለመቂ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚጠቅም እናስረዳ። አሜሪካኖች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን ከላይ እየሣሉ ሥዕሉን ለሚፈልግ ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ። በዚያ ሥዕል ላይ ዝዋይ ሐይቅ ከነደሴቶቹ፥ ከምዕራብ የሚገባው የመቂ ወንዝ፥ ከምሥራቅ የሚገባው ከታር፥ ወደ ደቡብ የሚወጣው ቡልቡላ፥ ቡልቡላም የሚፈስበት አቢጃታ ሁሉም ይታያሉ። አስተማሪው በሥዕሉ ላይ ወንዝ፥ ሐይቅ፥ ደሴት፥ እርሻ የሚሉትን ቃላት በየስፍራቸው ቢጽፍ፥ ልጁ ቃሉን ሲያነብ የራሱን አገር ያነባል። የቀድሞውንና የቅርቡን ሥዕል ጎን ለጎን ሲያይ ደግሞ አቢጃታ እጅግ እንደ ተሰበሰበ ራሱ ይናገራል። ውሃው በመንገዱ ለመስኖና ለሌላም ሥራ መወሰዱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ አባቱም ቲማቲሙን በፓምፕ የሚያጠጣ ከሆነ ነገሩ የቤቱ ነገር ነው። «ሐይቁ ትልቅ ነበር። ሐይቁ ትንሽ ሆነ።» እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ለአንደኛ ክፍል ልጅ የሚከብዱ አይደሉም፤ የሚናገሩት ግን ለትልቅ ሰው ምክር የሚበቃ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ልጁ ወንበርና እርሳስ ሳይኖረው ስለ ኮከብ ምን ያወራል?» ይላሉ። ከተቋቋመ ሃያ ዓመት ያለፈው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበርም በመጀመሪያው ዘመን እንዲህ ያለ ፌዝ ጠግቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ ከባሕር በላይ 3200 ሜትር ያህል በሆነ ስፍራ፥ ሁለት ትልልቅ የከዋክብት መመልከቻዎች ቆሙ። እኛ ግን ለመቂ መመልከቻ ይገዛ አላልንም። ጨረቃ ተገዝታ አትመጣም፤ የሚያስፈልገው ወረቀትና ቀለም ነው፤ እርሱም ለማንኛውም የንባብ መጽሐፍ የሚወጣው ወጪ ነው። የእርሳሱን እጦት ግን አንክድም፤ እርሳስ የሌለው ልጅ የጨረቃን መዝገብ ሊጽፍ አይችልምና እርሱ ይቅደም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከካህናት ወገን ሊመጣ የሚችል ነው፤ ነገሩም ከባድ ነው። ባገራችን የኮከብ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ዐውደ ነገሥት ገላጩንና ኮከብ ቈጣሪውን ያስባል። የሰውን ስምና የእናቱን ስም ደምሮ ዕድሉን እነግርሃለሁ የሚለውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ስታወግዘው ኖራለች። ሕፃናትን ስለ ከዋክብት ማስተማር ለዚህ በር ይከፍታል የሚል አባት ቢኖር አንቈጣበትም። ዳሩ ግን የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ኮከብ ሳትሆን ዝሁራ የተባለች እንደ ምድራችን ፀሐይን የምትዞር ዓለም መሆኗን፥ ምሕዋሯም አስቀድሞ በቍጥር እንደሚታወቅ በስድስት ዓመቱ ያነበበ ልጅ፥ በሃያ ዓመቱ ገንዘቡን ለኮከብ ቈጣሪ ለመስጠት ይቸግረዋል። በሩን የሚከፍተው አለማወቁ ነው።

እንግዲህ የሚደረገው ምንድር ነው? የኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋራ ሆኖ ከ40 ገጽ የማይበልጥ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ያዘጋጅ፤ በግራው ገጽ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፥ በቀኙ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይሁን። ተተርጕሞ የመጣ አይሁን፤ መቂን፥ ዝዋይን፥ ቡናንና ታንኳን የሚያውቅ አስተማሪ ይጻፈው፤ ቃላቱን አንድ የግዕዝ መምህርና አንድ የአፋን ኦሮሞ ሊቅ ይዩለት። መጀመሪያ በመቂና በአካባቢዋ ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይሞከር፤ የሚመዘነውም ልጁ ስንት ቃል በደቂቃ ጠራ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፥ የጠራውን ቃል በራሱ አነጋገር አስረዳ ወይስ አላስረዳ ተብሎ ነው።

ጊዜውም እንዲሁ የተተወ አይደለም። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ በዕለተ እሑድ ጧት፥ ፀሐይ በጨረቃ በተጋረደች ጊዜ ላስታ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች፤ በመቂም አብዛኛው ክፍሏ ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ወራት ትምህርት ቤቶች ስለ ኮሮና በሽታ ተዘግተው ስለነበር ሕፃናት የሚያስረዳቸው አስተማሪ አጠገባቸው አልነበረም። ሌላው ግርዶሽ ለሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ተቈጥሯል፤ በግብፅና በዓረብ አገር ፀሐይ ፈጽማ ትጨልማለች፥ ባገራችን በከፊል ትጋረዳለች። ያም ቀን በክረምት ዕረፍት ውስጥ ስለሚውል አሁንም አስተማሪው አጠገባቸው አይሆንም፤ ደመናው ከተገለጠ ልጁ ከከብቱ ኋላ ሆኖ ቀና ብሎ ያያል። በባዶ ዓይን የተመለከተ ሰው ዓይኑ ሊጐዳ ይችላል፤ ሕመም ስለሌለው ጕዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ፥ በሁለቱም ቋንቋ፥ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ለእናቱና ለታናናሾቹ ጮክ ብሎ ሊያነበው በሚችል ቃል፥ «ፀሐይ ስትጋረድ በባዶ ዓይን አትመልከቱ» የሚለው ይታተም፤ መጽሐፉም ከሰኔ ወር በፊት በየቤቱ ይድረስ።